ቱቦው ሲቀዘቅዝ ስትረሱ ለምን ይሳሳታል? የሙቀት ስሌት ችግርና መፍትሄ

ቱቦ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረውን ስትረስ (በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር ላይ የሚያርፈውን ኃይል) አካሉን ወደ ትናንሽ ክፍሎች (ኤለመንቶች) ከፋፍሎ በሚያሰላ ሶፍትዌር ስታሰሉ ውጤቱ ከተዛባ፣ ሶፍትዌሩን ከመጠርጠራችሁ በፊት በእጅ የተሰላ ቁጥር ያዙ። አዳማ ላይ፣ ጅቡቲ መንገድ ዳር ባለ መጋዘን ውስጥ፣ 10 ሜትር የብረት ቱቦ በሁለት ዓምዶች መካከል ተበየደ እንበል። ሲቆረጥ የሚታየው የብረት ስፋቱ 1000 ካሬ ሚሊሜትር ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ እንደመታው በ55 °ሴ ተገጠመ፤ ንጋት ላይ 15 °ሴ ደረሰ። የብረት አልፋ (በሙቀት የመለጠጥ መጠኑ) በዲግሪ 0.000012፣ ኢላስቲክ ሞዱለሱ (መለጠጥን የመቋቋም አቅሙ) 200,000 ሜጋፓስካል ነው። ጫፎቹ ነፃ ቢሆኑ ቱቦው 4.8 ሚሊሜትር ያጥራል። ጫፎቹ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሱ ደግሞ በየዲግሪው 2.4፣ በድምሩ 96 ሜጋፓስካል የመሳብ ስትረስ ይፈጠራል።

ስትረሱ ከ96 በጣም ያነሰ ነው

መነሻ ሙቀቱን እዩ። 16.8 ካገኛችሁ አንሲስ በተባለው ሶፍትዌር ላይ ነባሪውን 22 °ሴ አልቀየራችሁትም፤ ከ22 እስከ 15 ሰባት ዲግሪ ብቻ ነው። በሌሎቹ ሶፍትዌሮች፣ በአባከስና በካልኩሊክስ፣ መነሻው የሚሰጠው በ«ኢኒሻል ኮንዲሽንስ» መስመር ነው። ብዙዎች በ«ኤክስፓንሽን» መስመር ላይ ያለውን «ዜሮ» (የአልፋ ማጣቀሻ ሙቀት) እየለዋወጡ ይደክማሉ፤ አልፋ ቋሚ እስከሆነ ድረስ እሱ ውጤቱን አይነካም። አልፋን በየሙቀቱ በሰንጠረዥ ስትሰጡ ግን ወሳኝ ይሆናል። ውጤቱ 96 ሆኖ ምልክቱ ወደ መታመቅ ከዞረ መነሻውና መድረሻው ተገላብጠዋል።

ቁጥሩ በሺህ እጥፍ ይዛባል

ምክንያቱ አሃድ ነው። ካልኩሊክስ አሃድ አያውቅም፤ የሰጣችሁትን ያባዛል። በሚሊሜትር፣ ቶን፣ ሴኮንድና ኒውተን ስትሠሩ የብረት ጥግግት 7.85 × 10⁻⁹፣ የሙቀት አቅም 4.8 × 10⁸፣ ሙቀት አስተላላፊነት 50 ሲሆን፣ በካሬ ሜትር በዲግሪ 10 ዋት የነበረው አየር ከፊቱ ሙቀት የሚወስድበት መጠን 0.01 ይሆናል።

ነፃ የተባለው አካል ስትረስ ያሳያል

ከአንድ ቁስ የተሠራ፣ እኩል የቀዘቀዘ፣ ምንም ያልያዘው አካል ስትረሱ ዜሮ መሆን አለበት። ካልሆነ ማሰሪያው በዝቷል። አብዛኛውን ጊዜ አንድን ፊት በሙሉ በሦስቱም አቅጣጫ ስለምናስር ነው፤ ያ ፊት ወደ ጎን መኮማተር ይከለከላል። መፍትሄው ሦስት ኖድ (ኤለመንቶች የሚገናኙባቸው ነጥቦች) መምረጥ ነው፦ አንደኛውን በሦስቱም አቅጣጫ እሰሩ። ከእሱ በኤክስ መስመር ላይ ያለውን ሁለተኛ ኖድ በዋይና በዜድ፣ ከመስመሩ ውጭ በኤክስ-ዋይ ጠለል ላይ ያለውን ሦስተኛ ደግሞ በዜድ ብቻ።

96 መሆን ሲገባው 137 ወይም 240

ይህም ማሰሪያ ነው፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በሁለት አቅጣጫ የታሰረ ብረት (ፖይሰን ሬሾ፣ ማለትም ሲሳብ ወደ ጎን የሚቀጥንበት ምጣኔ፣ 0.3) 1.43 እጥፍ፣ በሦስቱም የታሰረ 2.5 እጥፍ ይሰጣል። ወጥመዱ ሁለተኛው ላይ ነው፦ በሦስቱም አቅጣጫ እኩል 240 ሲሳብ ቮን ሚዝስ (የሁሉንም አቅጣጫ ስትረስ ወደ አንድ ቁጥር የሚያጠቃልለው መለኪያ) ዜሮ ያሳያል፤ ሥዕሉ ሰማያዊ ሆኖ ሰላም ይመስላል። ቮን ሚዝስ መሳብንና መታመቅንም አይለይም። በተለይ በመሳብ የሚሰነጠቀውን ኮንክሪት ስታሰሉ ከፍተኛውን ፕሪንሲፓል ስትረስ (ከየአቅጣጫው ትልቁን የመሳብ ስትረስ) ተመልከቱ።

ስሌቱ ትክክል ነው፣ ቱቦው ግን ያን ያህል አይሳብም

እዚህ ላይ ነው ጊዜ መውሰድ የሚገባው፤ «ፊክስድ» (ጨርሶ የማይንቀሳቀስ) የሚባል ዓምድ በመሬት ላይ የለምና። ዓምድ ይታጠፋል፣ መሠረት ይሽከረከራል። የቱቦው ግትርነት በሚሊሜትር 20,000 ኒውተን ነው (200,000 × 1000 ÷ 10,000)። ሁለቱ ዓምዶች በተከታታይ ሲታሰቡ 5000 ብቻ ቢኖራቸው፣ ኃይሉ 4.8 ÷ (1/20,000 + 1/5000) = 19,200 ኒውተን ነው፤ ስትረሱም ከ96 ወደ 19.2 ይወርዳል። አምስት እጥፍ! ስለዚህ ጫፉን ከማሰር ይልቅ ስፕሪንግ ስጡት፣ ወይም ዓምዶቹን ራሳቸውን ሞዴሉ ውስጥ አስገቡ። ግትርነቱን የምታገኙት የዓምዱን አናት በ1000 ኒውተን ገፍታችሁ ኃይሉን ለተንቀሳቀሰበት ሚሊሜትር በማካፈል ነው፤ ይህ አጭር የተለየ ስሌት ነው።

ሜሹ (የኤለመንቶቹ መረብ) በደቀቀ ቁጥር ጥግ ላይ ስትረሱ ይጨምራል

ወደ ውስጥ የገባ ሹል ጥግ ወይም ሁለት ቁሶች የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ከሆነ፣ በኢላስቲክ ስሌት መጨረሻ የለውም። እውነተኛውን የብየዳ ክብነት ሳሉ፤ ካልሆነም ከጥጉ ራቅ ብላችሁ አንብቡ።

እየቀዘቀዘ ሳለ ሙቀቱ ከ55 °ሴ በላይ ይወጣል

ፊቱ በድንገት ሲቀዘቅዝ፣ ትልቅ ኤለመንት በጣም ትንሽ የጊዜ እርምጃ ከተሰጠው ይህ ይከሰታል። እርምጃውን ከጥግግት × የሙቀት አቅም × የኤለመንት ርዝመት ካሬ ÷ (6 × አስተላላፊነት) አታሳንሱት። ለብረት፣ በ10 ሚሊሜትር ኤለመንት፣ 1.3 ሴኮንድ ገደማ ነው። እርምጃው የግድ ማነስ ካለበት ፊቱ አካባቢ ሜሹን አድቅቁ፤ ግማሽ ርዝመት ያለው ኤለመንት ሩብ ጊዜ ይበቃዋል። ሜሹ ሲደቅ ስሌቱ ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችልና መብራት መቼ እንደሚጠፋ ስለማይታወቅ፣ ካልኩሊክስ ላይ ስሌቱን በብዙ ስቴፕ ከፋፍላችሁ «ሪስታርት፣ ራይት» የሚለውን መስመር ከመጀመሪያው ጨምሩ፤ የሚያስቀምጠው ስቴፕ ሲያልቅ ብቻ ነው።