በመርከብ ሽርሽር የመሳፈሪያ ዕለት የክፍልዎን ቁልፍ ካርድ እንዴት እንደሚያገኙ

አውሮፕላንና ሆቴል የለመደ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በመዝናኛ መርከብ ሲሳፈር የሚደናገጥበት አንድ ቦታ አለ። ማያሚ ወይም ሲያትል ወደብ ላይ ይሰለፋል፣ ዕቃው ይፈተሻል፣ ፓስፖርቱን ያሳያል፣ ከዚያ «እንኳን ደህና መጡ፣ ይለፉ» ይባላል። ቁልፍ የሰጠው ግን የለም። ሆቴል ቢሆን መጀመሪያ የሚረከበው ቁልፍ ነበር፤ እዚህ ግን ብዙ ሺህ ሰው ወደሚይዝ መርከብ ከነቤተሰቡ ባዶ እጁን ይገባል። ወደ ኋላ ተመልሶ ለመጠየቅ የሚሞክር አለ፤ አንድ ሰልፍ ዘልሎ የመጣ የሚመስለውም ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልቀረም። ካርዱ እላይ ፎቅ፣ የክፍሉ በር አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

ይህችን የባንክ ካርድ የምታክል ነገር የበር መክፈቻ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። መርከቡ ላይ ገንዘብዎም መታወቂያዎም እሷ ናት። ከሁሉ በላይ ደግሞ መርከቡ ሰዎቹን የሚቆጥረው በእሷ ነው፤ በወጡና በገቡ ቁጥር በመሣሪያ ትነበባለች፣ አደጋ ቢመጣ የት መገኘት እንዳለብዎትም እሷ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ አወሳሰዷን ብቻ ሳይሆን አነባበቧንና አያያዟንም ጨምሬ እጽፋለሁ።

ሥራው የሚጀመረው ከቤት ነው

ካርዱ የሚታተመው እርስዎ አስቀድመው በሞሉት መረጃ ነው። የመርከብ ኩባንያዎች ከጉዞው በፊት በድረ ገጻቸው ወይም በስልክ መተግበሪያቸው ምዝገባ ይከፍታሉ፤ እንደ ኩባንያው ከአንድ ወር ተኩል ወይም ከሁለት ሳምንት በፊት ሊሆን ይችላል። በተከፈተበት ቀን ቢሞሉት ይሻላል። ወደብ የሚደርሱበትን ሰዓት የሚመርጡት እዚያው ላይ ስለሆነ የረፋዱ ሰዓቶች ቶሎ ይያዛሉ። የፓስፖርት መረጃ፣ የፊት ፎቶግራፍና የክፍያ ካርድ ይጠየቃሉ። ፎቶግራፉን በነጭ ግድግዳ ፊት፣ ያለ መነጽርና ያለ ኮፍያ ይነሡት፤ በየወደቡ በር ላይ ጥበቃው ፊትዎን የሚያመሳክረው ከእሱ ጋር ነው።

ስም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛን ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ይህ ነውና። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም። ባል በአያቱ ስም፣ ሚስት በአያቷ ስም፣ ልጆች በአባታቸው አባት ወይም በአባታቸው ስም ስለሚመዘገቡ አራት ሰው ባለበት አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ዓይነት የመጨረሻ ስም ሊገኝ ይችላል። ይህ በራሱ ችግር የለውም፤ አንድ ላይ የሚያስራችሁ የቦታ ማስያዣው ቁጥር ነው። ችግር የሚመጣው ቦታውን የያዘው ሰው «ቤተሰብ ነን» ብሎ ሁሉንም በራሱ የመጨረሻ ስም ሲያስመዘግብ ነው። ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። ዮሐንስ የሚለው ስም ብቻውን በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ያውቃሉ፤ የሚጻፈው እንደ ልማድዎ ሳይሆን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ነው።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ ወር ከቀን ይቀድማል። የወላጆቻችንን ስንሞላ ደግሞ ከአፋቸው የሰማነውን የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሳናስበው እንጽፍና ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይዛነፋል። ሁልጊዜ ፓስፖርቱን ፊት ለፊት አስቀምጠው ይሙሉ። ልጅ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚጓዝ ከሆነ፣ በተለይም የመጨረሻ ስሙ ከእናቱ የማይገጥም ከሆነ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱንና ከሌላው ወላጅ የተጻፈ የፈቃድ ደብዳቤ ይያዙ።

ግሪን ካርድ ይዘው የሚኖሩ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ይመልከቱ። ከሲያትል ወደ አላስካ የሚሄዱ መርከቦች አብዛኛውን ጊዜ ካናዳ ውስጥ ቪክቶሪያ ላይ ይቆማሉ፤ በሌላ አገር ባንዲራ የሚጓዝ መርከብ የአሜሪካ ወደቦችን ብቻ ነክቶ እንዳይመለስ የሚከለክል የ1886 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ሕግ ስላለ ነው። የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪ ወደ ካናዳ ለመግባት ግሪን ካርዱ ብቻ አይበቃውም፤ ጊዜው ያላለፈበት የአገሩ ፓስፖርትም ያስፈልገዋል። ግሪን ካርድ ካገኙ ወዲህ የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸውን ሳያሳድሱ ዓመታት ያለፉባቸው ብዙ ናቸው። ወደብ ላይ ደርሶ ከመመለስ ዛሬውኑ መሳቢያውን ከፍቶ የሚያበቃበትን ቀን ማየት ይሻላል።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ከክፍልዎ ሒሳብ ጋር የሚያያይዙት ክሬዲት ካርድ ቢሆን እመክራለሁ። ዴቢት ካርድ ከሰጡ መርከቡ ለዋስትና የሚያስይዘው ገንዘብ በቀጥታ ከባንክ ሒሳብዎ ላይ ይታገድና ከጉዞው በኋላም ለቀናት ሳይለቀቅ ሊቆይ ይችላል። ጥሬ ገንዘብ ማስያዝ የሚፈልግም መርከቡ ላይ እንግዳ መቀበያው ዘንድ ማስያዝ ይችላል።

ምዝገባው ሲያልቅ የመሳፈሪያ ወረቀትና የሻንጣ መለያ ያገኛሉ። ሁለቱንም ያትሙ። ወረቀቱ ስልክዎ ላይ ቢኖርም የወደብ ኢንተርኔት አያስተማምንም።

ወደቡ ላይ

በተሰጠዎት ሰዓት ይድረሱ። በጣም ቀድሞ መምጣት ውጭ ያስቆማል፤ መዘግየት ግን የባሰ ነው። የተሳፋሪዎች ስም ዝርዝር መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ለአሜሪካ ጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መላክ ስላለበት ምዝገባው ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ መለመን ዋጋ የለውም።

መለያ ያሰሩበትን ትልቅ ሻንጣ ደጅ ላይ ያሉት ተሸካሚዎች ይረከቡዎታል፤ ክፍልዎ በር ላይ የሚያገኙት ከሰዓት በኋላ ወይም ማምሻውን ነው። ፓስፖርት፣ መድኃኒትና የሕፃን ዕቃ በእጅ ቦርሳ ይሁን። የቡና ነገር ለሚያሳስባችሁ፦ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ከሰልና ዕጣን ይዞ መግባት አይፈቀድም። እሳትና የሚግል ነገር መርከብ ላይ በጣም ስለሚፈራ ፍተሻው ላይ ይወሰዳሉ። ልብስ መተኮሻም እንዲሁ።

ከፍተሻው በኋላ አንድ ሠራተኛ ፓስፖርትዎንና የመሳፈሪያ ወረቀትዎን ያያል፤ ቀደም ብለው ፎቶግራፍ ካልላኩ እዚያው ያነሣዎታል። የኩባንያዎቹ አሠራር የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። ሮያል ካሪቢያን «ሲፓስ»፣ ካርኒቫል ደግሞ «ሴይል ኤንድ ሳይን» የሚሉት ካርድ ተርሚናሉ ላይ አይሰጥም፤ በፖስታ ታሽጎ ክፍልዎ በር አጠገብ ይቀመጣል፣ እስከዚያ የሚያሳልፍዎት የመሳፈሪያ ወረቀቱ ነው። ኖርዌጂያን በአብዛኛው ካርዱን ተርሚናሉ ጠረጴዛ ላይ በእጅዎ ይሰጥዎታል። ፕሪንሰስ ካርድ ትቶ «ሜዳሊየን» የሚባል ሳንቲም የመሰለ ክብ ነገር ያድላል፤ አንገት ላይ አንጠልጥለው ወደ በሩ ሲጠጉ በሩ በራሱ ይከፈታል። ሠራተኛው ምንም ካልሰጠዎት «ካርዴ የት ነው የሚጠብቀኝ?» ብለው ይጠይቁ፤ ጥያቄው በየቀኑ የሚጠየቅ ስለሆነ አይፈሩ።

በሩ አጠገብ ያለው ፖስታ

መርከቡ ውስጥ ገብተው ወዲያው ወደ ክፍል መሄድ አይቻልም ይሆናል። የቀድሞዎቹ መንገደኞች የወጡት በዚያው ዕለት ጠዋት ነውና ክፍሎቹ እየተጸዱ ነው። ብዙ ጊዜ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ላይ፣ ዝግጁ መሆናቸው በድምፅ ማጉያ ይነገራል። እስከዚያ ምሳ ይብሉ።

የክፍሉ ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያለው አሃዝ ፎቁን ይነግርዎታል፤ 8 ብሎ የሚጀምር ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ስምንተኛው ፎቅ ላይ ነው፣ አምስት አሃዝ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያንብቡ። በሩ ጎን ትንሽ የደብዳቤ ማስቀመጫ ወይም መያዣ ያያሉ። ፖስታውን ከዚያ ያውጡ፣ እዚያው ቆመው ይክፈቱ፣ ካርዶቹንም ይቁጠሩ። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃንም ጭምር፣ አንድ አንድ መኖር አለበት። ስም የተሳሳተ ወይም ካርድ የጎደለ ከሆነ ወይም በሩ አልከፍት ካለ መታወቂያዎን ይዘው ወደ እንግዳ መቀበያው ይሂዱ፤ አዲስ ለማተም ደቂቃ አይፈጅባቸውም። በዚያ ሰዓት ግን ሰልፍ ስለሚኖር ቸኩለው አይናደዱ።

በሩን ከመክፈትዎ በፊት የሚነበበው

ካርዱ ላይ ከስምዎና ከመርከቡ ስም ሌላ አንድ ፊደል ወይም አንድ ፊደልና ቁጥር ጎላ ብሎ ታትሟል። የመሰብሰቢያ ጣቢያዎ ነው። አደጋ ሲታወጅ፣ ማለትም ሰባት አጭርና አንድ ረጅም የጥሩንባ ድምፅ ሲሰማ፣ ወደ ነፍስ አድን ጀልባ የሚያደርስዎት ቦታ ያ ነው። ይህን ፊደል በቃልዎ እንዲያውቁት እለምናለሁ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው መርከብ ጣሊያን ውስጥ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከአለት ጋር ተጋጭቶ 32 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ምሽት ከቺቪታቬኪያ ወደብ የተሳፈሩት መንገደኞች የመሰብሰብ ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር፤ የዚያን ጊዜው ደንብ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢደረግ ይበቃል ይል ነበርና። እ.ኤ.አ. ከ2015 መጀመሪያ ጀምሮ ግን ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሣ መደረግ አለበት።

ዛሬ በብዙ መርከቦች ላይ ልምምዱ ቀላል ሆኗል። አጭር ቪዲዮ በስልክዎ ወይም በክፍልዎ ቴሌቪዥን ያያሉ፣ ከዚያ ጣቢያው ድረስ ሄደው ሠራተኛው ካርድዎን ያነብልዎታል። ካልተነበበ ልምምዱን እንዳላደረጉ ይቆጠራል፤ እምቢ ያለ መንገደኛ ከመርከቡ ሊወርድ ይችላል። ካርዱን እንዳገኙ ሻንጣ ሳይጠብቁ ሁላችሁም አብራችሁ ሂዱ። ወላጆችዎ ቋንቋው የማይገባቸው ከሆነ ፊደሉን እያሳዩ መንገዱን በእግራቸው አንድ ጊዜ ያስኬዷቸው፤ የአሳንሰሩን ሳይሆን የደረጃውን መንገድ ያሳዩአቸው፣ በአደጋ ጊዜ አሳንሰር አይታመንምና።

አንዳንድ ካርድ ላይ የእራት ሰዓትና የጠረጴዛ ቁጥርም አለ። 5፡30 የሚለው ለእናትዎ 11፡30 መሆኑን ይንገሩ።

አያያዝ

የክፍሉ ቁጥር ለደኅንነት ሲባል ካርዱ ላይ አይታተምም። ይህ ጥሩ ነው፤ ግን ይረሳል። እናታችንን ይዘን በሄድንበት ጉዞ ታላቅ ወንድሜ እንዳይጠፋ ብሎ የአምስታችንንም ካርድ ኪሱ ከተተ። እናቴ መድኃኒቷን ልትወስድ ብቻዋን ወረደች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፈልገን ስናገኛት ሁሉም በር አንድ በሚመስልበት ረጅም ኮሪደር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ግድግዳውን የሚዞረውን የእጅ መደገፊያ ይዛ ቆማለች። ክፍል የሚያጸዳውን ልጅ በምልክት ጠይቃው ነበር፤ እሱም ካርድ ላላሳየው ሰው በር ሊከፍት አልተፈቀደለትም፣ ትክክልም ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካርዷን አንገቷ ላይ በማንጠልጠያ አሰርንላት፣ የክፍሉን ቁጥር የጻፍንበትን ብጣሽ ወረቀት ለብቻው ቦርሳዋ ውስጥ አደረግንላት፣ በሩ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የሆነ ማግኔት ለጠፍን። የመርከብ በሮች ብረት ስለሆኑ ማግኔት ይይዛሉ። ያን ማግኔት ከሩቅ አይታ «ይኸው ቤታችን» ትል ነበር።

ማግኔቱ በሩ ላይ ይቅር እንጂ ካርዱ አጠገብ አይድረስ፤ ባለ ጥቁር መስመር የሆኑት ካርዶች በማግኔትና ማግኔት ባለው የስልክ መያዣ ይበላሻሉ። ለማንጠልጠያ ቀዳዳ ከፈለጉ ራስዎ አይብሱት፤ እንግዳ መቀበያው ይበሳልዎታል። ከጠፋ ወዲያው ያሳውቁ፤ የድሮው ይዘጋል፣ ሌላ ይታተማል። ልጆች በካርዳቸው ዕቃ እንዳይገዙ ከፈለጉም እዚያው ያስዘጉ፤ ካርዱ በር መክፈቱን ይቀጥላል።

በየወደቡ ሲወርዱ ካርዱንና ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይያዙ። መርከቡ በር ላይ ካርዱ ሲነበብ ድምፅ ያሰማል፣ ፎቶግራፍዎም ጥበቃው ፊት ያለው ስክሪን ላይ ይወጣል። ሊነሣ ሲል ማን እንዳልተመለሰ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ በቤተሰብ መካከል ካርድ ተለዋውጦ መውጣት ቆጠራውን ስለሚያዛባ በፍጹም አያድርጉት።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ካርዱ በሩ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ይነበባል። ከወረዱ በኋላ መመለስ ስለማይቻል ከክፍሉ ሳይወጡ ካዝናውን ይክፈቱና ፓስፖርቶቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ።