በኬትልቤል ስፖርት የ10 ደቂቃው ዙር ሳያልቅ ሲቋረጥ፦ ምልክቶች፣ መንስኤዎችና መፍትሄዎች

ኬትልቤል ከላይ እጀታ ያለው ክብ የብረት ክብደት ነው፤ ስፖርቱ ግን አንድን ከባድ ብረት አንድ ጊዜ በማንሳት አይለካም። ተወዳዳሪው በ10 ደቂቃ ውስጥ ብረቱን መሬት ላይ ሳያስቀምጥ ስንት ጊዜ በሕጉ መሠረት እንዳነሳ ነው የሚቆጠርለት። ስፖርቱ የተወለደው በሩሲያ ሲሆን፣ 16፣ 24 እና 32 ኪሎ የሆኑት ዋና ዋና የውድድር ክብደቶችም ፑድ ከተባለው የአገሩ የቀድሞ መለኪያ የመጡ ናቸው፤ አንዱ ፑድ 16.38 ኪሎ ገደማ ነው። የመጀመሪያው የሶቪየት ኅብረት ሻምፒዮና በሊፔትስክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1985 ተካሄደ፤ የ10 ደቂቃው ገደብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ተደነገገ። የውድድሩ የማንሳት ዓይነቶች ሦስት ናቸው፦ ጀርክ (ብረቶቹን ከደረት በእግር ግፊት ከራስ በላይ ማድረስ)፣ ስናች (አንድ ብረትን በአንድ እጅ ከእግሮች መካከል አወዛውዞ በአንድ እንቅስቃሴ ከራስ በላይ ማድረስ) እና ሎንግ ሳይክል (ከእያንዳንዱ ጀርክ በኋላ ብረቶቹን ወደ እግሮች መካከል አውርዶ እንደገና ወደ ደረት ማንሳት)።

ለሥራውና ለቤተሰቡ ከሚሰጠው ጊዜ ቀንሶ የሚለማመድ ሰው ዙሩ በ4ኛው ወይም በ6ኛው ደቂቃ ሲቋረጥበት፣ ቶሎ የሚደርስበት መደምደሚያ «ጉልበቴ አነሰ» የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ዙሩን የሚያቋርጠው የሰውነት ክፍልና ስህተቱ የተሠራበት ቦታ አንድ አይደሉም፤ የዛለው ክፍል ከእርሱ በፊት የነበረው እንቅስቃሴ ያላሟላውን ሥራ ሲሸፍን የቆየ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ምልክቶች ሲያነቡ፣ ልምምድዎን አንድ ጊዜ ከጎን፣ አንድ ጊዜ ከፊት በስልክ ቀርጸው ቢያስተያዩት ይጠቅማል። ከዙሩ መጀመሪያ ይልቅ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ይቅረጹ፤ ድካም የሸፈነውን ሁሉ ይገልጠዋልና።

ስናች ላይ ትንፋሽ እያለ ጣቶች ይከፈታሉ

ይህ ከሁሉም በላይ የተለመደው ምልክት ነው፤ በነባሩ ሕግ እጅ መቀየር የሚፈቀደው አንድ ጊዜ ብቻ በመሆኑም ዋጋው ከባድ ነው። ብዙዎች መያዣቸውን ለማጠንከር ወደ ሌላ መልመጃ ይሮጣሉ። መንስኤው ግን በአብዛኛው ብረቱ የሚወርድበት መንገድ ነው። ብረቱ ከራስ በላይ ተነስቶ ከሰውነት በጣም ርቆ፣ ሰፊ ቅስት ሠርቶ ወደ ፊት ከወደቀ፣ ክንዱ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሳለ ክብደቱ በአንድ ጊዜ ይጎትተዋል፤ ያን ድንገተኛ ጉተታ የሚቀበሉት ደግሞ ጣቶች ብቻ ናቸው። በአንድ ድግግሞሽ የማይሰማ ይህ ጉተታ ስድሳና ሰባ ጊዜ ሲደጋገም የክንዱን የፊት ጡንቻ ያደርቀዋል።

መፍትሄው አወራረዱን ክፍል በክፍል ማስተካከል ነው። ብረቱ ከላይ መውረድ ሲጀምር የላይኛው አካል ትንሽ ወደ ኋላ ያጋድላል፤ ይህ ብረቱ በሰውነት አጠገብ እንዲወርድ መንገድ ይከፍትለታል። እጀታው ከመዳፉ ሥር ወደ ጣቶቹ መታጠፊያ የሚሸጋገረው ብረቱ ገና ሳይጎትት፣ በደረት አካባቢ ሲያልፍ ነው። ከዚያም የላይኛው ክንድ ከጎድን ጋር እስኪገናኝ ድረስ ወገብ አይታጠፍም፤ ክንዱ ከአካል ጋር ከተገናኘ በኋላ ብቻ ዳሌ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ብረቱም በእግሮች መካከል ያልፋል። ቀድሞ የሚያጎነብስ ሰው ብረቱን በጣቶቹ ብቻ አንጠልጥሎ ይከተለዋል፤ ዘግይቶ የሚያጎነብስ ግን ክብደቱን ለዳሌውና ለእግሩ ያስረክባል። ልዩነቱ ከሰከንድ ያነሰ ቢሆንም በምስል ላይ በግልጽ ይታያል።

አያያዙንም ይመርምሩ። እጀታው የሚያርፈው በመዳፉ መካከል ሳይሆን በጣቶቹ መታጠፊያ ላይ ነው፤ አውራ ጣት በሌባ ጣት ጥፍር ላይ ተጭኖ መንጠቆውን ይዘጋዋል። ብረቱ ወደ ኋላ ሲያልፍ ብዙ አሰልጣኞች አውራ ጣት ወደ ኋላ እንዲዞር ያስተምራሉ፤ በዚህ መልኩ ሸክሙ በአንድ ጣት ላይ አይቀርም። ብረቱን አጥብቆ መጨበጥ ጥንካሬ ቢመስልም ዙሩን ያሳጥራል፤ ከላይ፣ ብረቱ ጸንቶ በቆመበት ቅጽበት፣ ጣቶች ፈጽሞ ዘና ብለው መከፈት አለባቸው፤ ለጣቶች ሌላ ማረፊያ የለምና።

ለመለማመድ ከለመዱት ክብደት አንድ ደረጃ የቀለለ ብረት ይያዙና ከእያንዳንዱ ስናች በኋላ አንድ ስዊንግ (ብረቱን ከራስ በላይ ሳያደርሱ በእግሮች መካከል ወደ ኋላና ወደ ፊት ማወዛወዝ) እየጨመሩ ይሥሩ። ስዊንጉ መያዣውን ከማጠንከሩም በላይ ወገብ የሚታጠፍበትን ጊዜ ያስተምራል። ወፍራም የጥጥ ጓንት አጥልቆ ስናች መሥራትም ተወዳዳሪዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው፤ እኔ ግን አወራረዱ ላልተስተካከለለት ሰው አልመክረውም፤ ጥፋቱን ያጠነክረዋል እንጂ አያርመውም።

መዳፍ ውሃ ቢቋጥር ወይም ቢቀደድ መንስኤው ይኸው ነው፦ እጀታው በመዳፉ ላይ ሆኖ ይንሸራተታል፣ ቆዳውንም ያጥፈዋል። ልምምዱ ለዚያ ቀን ይቁም። መጅ የያዘውን ቆዳ ከመታጠብ በኋላ በእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ ያስተካክሉት፤ ከፍ ብሎ የቀረ መጅ ነው የሚቀደደው። የማግኒዚየም ካርቦኔት ዱቄት ለእጅም ለእጀታም ይደረጋል፤ እጀታው ግን በዘይት ወይም በአሮጌ ላብ ከተሸፈነ ዱቄቱ አይይዝም፣ ስለዚህ አስቀድሞ ይጽዳ።

ብረቱ የክንድን ጀርባ ይመታል

ብረቱ ከላይ ሲደርስ በእጅ ላይ ተገልብጦ ክንድን የሚያጎዳው፣ እጁ ወደ እጀታው ውስጥ ዘግይቶ ስለሚገባ ነው። ብረቱ በፊት አካባቢ ሲያልፍ ጣቶች ይለቀቁ፣ መዳፍም በእጀታው ውስጥ ወደ ላይ ዘልቆ ይግባ፤ ያኔ ብረቱ በክንዱ ዙሪያ ይዞራል እንጂ አይገለበጥም። በክንድ መከላከያ መሸፈን ሕመሙን ይቀንሳል፣ መንስኤውን ግን አይነካም።

ጀርክ ላይ ትከሻና ክንድ ከእግር በፊት ይዝላሉ

ጀርክ የእግር ሥራ ነው፤ ትከሻ ቀድሞ ከዛለ እግር ሥራውን አላደረሰም ማለት ነው። ሁለት ነገሮችን ለይተው ይመርምሩ።

የመጀመሪያው ብረቶቹ በደረት ላይ የሚያርፉበት አቋም ነው። በዚህ አቋም ክርኖች በዳሌ አጥንት ጫፍ ላይ ይደገፋሉ፣ ጉልበቶች ቀጥ ይላሉ፣ ዳሌ ወደ ፊት ይወጣል፣ የላይኛው ጀርባ ትንሽ ይጎብጣል፤ ክብደቱም በአጥንት በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። ክርኖች በአየር ላይ ከቀሩ ብረቶቹን የሚሸከሙት የክንድና የትከሻ ጡንቻዎች ስለሚሆኑ፣ ተወዳዳሪው «እያረፍኩ ነው» በሚልበት ጊዜ ሁሉ እየደከመ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ቀለል ያሉ ሁለት ብረቶች በደረትዎ ላይ ይዘው ለሁለት ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ ይቁሙ። የሚያቃጥልዎት ክንድ ከሆነ ክርንዎ ማረፊያ አላገኘም፤ መተንፈስ ብቻ ከሆነ የከበደዎት አቋሙ ትክክል ነው፣ የሚቀረው መልመድ ነው።

ረዥም ቁመናና አጭር ክንድ ያለው ሰው ክርኑ ዳሌው ላይ አልደርስ ቢለው አይደነቅ፣ ተስፋም አይቁረጥ። የክብደት ማንሻ ቀበቶን ላላ አድርጎ ዝቅ ብሎ መታጠቅ ለክርን መደርደሪያ ይሆናል፤ ብዙ ተወዳዳሪዎች ቀበቶ የሚታጠቁት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ ጋር የዳሌን ፊትና የላይኛውን ጀርባ በየቀኑ ማፍታታት በሳምንታት ውስጥ ለውጥ ያመጣል። ተረከዙ ከፍ ያለ የክብደት ማንሻ ጫማም ጉልበትን ቀጥ አድርጎ ዳሌን ወደ ፊት ለማውጣት ይረዳል።

ሁለተኛው ብረቶቹ የሚነሱበት ግፊት ነው። ተወዳዳሪው ጉልበቱን አጥፎ ወደ ላይ ሲገፋ ክርኖቹ ከዳሌው ቀድመው ከተነሱ፣ የእግሩ ኃይል ወደ ብረቱ ሳይደርስ ይበተናል፤ የጎደለውን ክንድ ይሞላል። ተረከዞች ቀድመው ሲነሱም እንዲሁ ነው። ጉልበት ሲታጠፍ አካል ቀጥ ብሎ ይውረድ፣ ክርኖች ከዳሌ አይለዩ፣ ግፊቱ ሲጀምር ተረከዞች በተቻለ መጠን መሬት ላይ ይቆዩ። ለዚህ የሚረዳው መልመጃ ብረቶቹን በእግር ግፊት ብቻ እስከ ዓይን ከፍታ ልኮ ወደ ደረት መመለስ ነው፤ ክንድ ምንም አይግፋ። ብረቶቹ ዓይን ድረስ ካልደረሱ ክብደቱን ይቀንሱ እንጂ በክንድ አይርዱ። ከግፊቱ በኋላ ደግሞ ጉልበት ለሁለተኛ ጊዜ በፍጥነት ታጥፎ ተወዳዳሪው ከብረቶቹ በታች ይገባል፣ ክንዶቹም በዚያው ቅጽበት ቀጥ ይላሉ። ይህ ሁለተኛ መታጠፍ ከቀረ የመጨረሻዋን ርቀት በክንድ መግፋት ግድ ይሆናል፤ ይህ ትከሻን ከማዛሉም ሌላ በሕጉ አይቆጠርም።

ብረቶቹ ሲመለሱም ክንዶች አይሸከሟቸው። በእግር ጣቶች ከፍ ብለው በደረት ይቀበሏቸው፣ ከዚያ ተረከዙ ወርዶ ጉልበት ግፊቱን ያብርደው፤ አየሩም በዚያው ቅጽበት ይውጣ።

ዳኛው አይቆጥርም

ድግግሞሹ የሚቆጠረው ክንድና ጉልበት ቀጥ ብለው፣ ብረቱና አካሉ ከላይ ለአፍታ ጸጥ ሲሉ ነው። ጂም ውስጥ 80 የቆጠረ ሰው ውድድር ላይ 60 ሲባል የሚከፋው፣ በልምምድ ጊዜ ራሱን በዳኛ ዓይን ስላላየ ነው። በየልምምዱ አንዱን ዙር ከላይ ሁለት ሰከንድ እየቆዩና አንድ ሙሉ ትንፋሽ እየወሰዱ ይሥሩት። ብረቱ ከላይ ወደ ፊት የሚጎትትዎት ከሆነ ግን የሚጎድለው የትከሻና የላይኛው ጀርባ መፍታታት ስለሆነ፣ ያ ካልተስተካከለ ቆሞ መቆየት ብቻውን አይበቃም።

በ3ኛው ደቂቃ ትንፋሽ ያጥራል

መንስኤው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ደቂቃ ነው። በ10 ደቂቃ 140 ስናች የሚያልም ሰው የሚያስፈልገው በደቂቃ 14 ነው፤ ገና ትኩስ ሳለ 20 ከሠራ ያተረፋቸውን ስድስቱን ከ4ኛው ደቂቃ በኋላ በእጥፍ ይከፍላቸዋል። ሰዓት ፊት ለፊት ይቀመጥ። በግብዎ ፍጥነት ለ4 ደቂቃ ይጀምሩ፤ ፍጥነቱን ሳይቀይሩ ጊዜውን ብቻ ቀስ በቀስ ያስረዝሙ። ፍጥነትና ጊዜ በአንድ ሳምንት አብረው አይጨመሩም።

ሁለተኛው መንስኤ አተነፋፈስ ነው። አካል ሲታጠፍና ሲጨመቅ አየር ይወጣል፤ አካል ሲዘረጋ አየር ይገባል። ስናች ላይ ብረቱ በእግሮች መካከል ሲያልፍ፣ ጀርክ ላይ ደግሞ ብረቶቹ ደረት ላይ ሲያርፉ አየሩን ያስወጡ። ትንፋሽን ይዞ ማንሳት በከባድ ብረት ለአንድ ጊዜ ቢጠቅምም ለ10 ደቂቃ አይሆንም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በቆላማ አገር የተዘጋጀን ፕሮግራም እንዳለ የሚወስድ ሰው ቶሎ ያለከልካል። ከውጭ አገር ለእረፍት የሚመጡ ወገኖችም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድግግሞሹን በደቂቃ በሁለት ወይም በሦስት ቢቀንሱ ዙሩን ሙሉ ጊዜውን ይጨርሱታል።

ወገብ ያማል

ከልምምድ በኋላ በማግስቱ የሚሰማ የጡንቻ ድካምና ሕመም የተለያዩ ናቸው። ወደ እግር የሚወርድ፣ የሚያደነዝዝ ወይም እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም ካለ ልምምዱ ይቁምና ሐኪም ይመልከተው፤ በዚህ ላይ ምንም ዓይነት የቴክኒክ ምክር አይሠራም። ተራ ድካም ከሆነ ሁለት ቦታ ይፈትሹ፦ ስናች ላይ ቀድሞ ማጎንበስ፣ ጀርክ ላይ ደግሞ ዳሌን ወደ ፊት ከማውጣት ይልቅ ከታችኛው ወገብ ወደ ኋላ መለመጥ።

16 ኪሎ ይቀላል፣ 24 ኪሎ ግን አልነሳ ይላል

አስቀድሞ ብረቱ ራሱ ይመርመር። በብዙ ጂሞች ያለው ከብረት የተቀለጠው ኬትልቤል ክብደቱ በጨመረ ቁጥር መጠኑም ይጨምራል፤ ስለዚህ በደረትና በክንድ ላይ የሚያርፍበት ቦታ በየክብደቱ ይለያያል። የውድድር ኬትልቤል ግን 8 ኪሎ ቢሆን 32 ቁመቱ 280 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 210 ሚሊሜትር ነው፤ የሚለየው በቀለሙ ነው፣ 16 ቢጫ፣ 24 አረንጓዴ፣ 32 ቀይ። የተለመደው የእጀታ ውፍረት 35 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ከዚህ የወፈረ እጀታ ስናችን ያለ አግባብ ያከብደዋል። በሁለት ዓይነት ብረት የሚለማመድ ሰው በእውነቱ ሁለት ቴክኒክ እየተማረ ነው።

ብረቱ ትክክል ከሆነ ቀሪው ችግር የእርምጃው ስፋት ነው፤ ከ16 ወደ 24 መሸጋገር የክብደቱን ግማሽ መጨመር ነው። 18፣ 20 እና 22 ኪሎ ከተገኙ በእነርሱ ይሂዱ፤ ወደሚቀጥለው የሚሸጋገሩትም የያዙትን ብረት ለ10 ደቂቃ በእኩል ፍጥነት፣ የመጨረሻው ደቂቃ ከመጀመሪያው ሳያንስ፣ መጨረስ ሲችሉ ነው። መካከለኛ ክብደት ከሌለ በ16ቱ ዋናውን ዙር ይሥሩና ልምምዱ ሲያበቃ 24ቱን በየእጁ ለአንድ አንድ ደቂቃ ብቻ፣ በዝግታ ያንሱ፤ አንድ ደቂቃው ያለ መንገዳገድ ሲያልፍ ሠላሳ ሰከንድ ይጨምሩ።