ላብ ለሚያልባችሁ፦ ቤት ውስጥ የሚዘጋጅ መጠጥ

ከ1 ሰዓት በላይ ከባድ ስፖርት ከሠራችሁ ወይም ፀሐይ ላይ ስትለፉ ከዋላችሁ ውሃ ብቻ መጋት ላይበቃ ይችላል፤ በላብ ጨውም አብሮ ይወጣልና። መፍትሔው ቀላል ነው። 1 ሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምራችሁ እስኪሟሟ አማስሉት፣ ከዚያ ብርቱካን ጭመቁበት፤ ከጣዕሙ በላይ ፖታሲየም የሚባል ለሰውነት የሚያስፈልግ ማዕድን አለው። ሎሚም ይሆናል።

ስኳሩን ለጤና ብላችሁ አታስቀሩት! ጉልበት ከመስጠቱም ሌላ አንጀት ውስጥ ጨውና ውሃ ቶሎ ወደ ሰውነት እንዲገቡ የሚያግዘው እሱ ነው። ጨው ላይ ግን ጥንቃቄ፣ ማንኪያው ላይ አትቆልሉ። ቀምሳችሁት ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካላችሁ ደፍታችሁ እንደገና ሥሩ።

በአንዴ ከመገልበጥ ቀስ እያላችሁ ጠጡት። የተረፈው ፍሪጅ ይግባ፣ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ። ደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር፣ እባካችሁ። ለተቅማጥ ደግሞ፣ በተለይ ለልጅ፣ ከዚህ ይልቅ ፋርማሲ የሚገኘውን ኦ አር ኤስ (ውሃ ውስጥ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ተጠቀሙ፤ መጠኑ በትክክል ተለክቶ የተዘጋጀ ነው።