ፈተናውን አለፈ ማለት ትምህርት ቤት ገባ ማለት አይደለም

ትናንት ማታ እንደገና ተደወለልኝ። «ልጄ በሚቀጥለው ወር ከአዲስ አበባ ይመጣል። ጎበዝ ነው፤ ከክፍሉ አንደኛ ነው የሚወጣው። እንግሊዝ ግራመር ስኩል እንዴት ነው የማስገባው?» ዕድሜውን ጠየቅኩ። አሥር ዓመት ከስምንት ወር። ለፈተናው ተመዝግቧል? «የምን ምዝገባ?» እንግዲህ ጁላይ አልቋል። አብዛኛው ቦታ ምዝገባው ተዘግቷል። ዘንድሮ እንዲህ ያለኝ ሦስተኛው ሰው ነው። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ለሚደውልልኝ ሁሉ ይህንኑ ልላክለት።

ግራመር ስኩል መንግሥት የሚከፍልለት፣ ግን ልጆችን በፈተና መርጦ የሚወስድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ክፍያ የለውም። እንግሊዝ ውስጥ 163 አሉ። ስኮትላንድና ዌልስ የሉም፤ ሰሜን አየርላንድ አሉ፣ ሥርዓቱ ግን ሌላ ነው። ኬንት፣ በኪንግሃምሺርና ሊንከንሺር ብዙ አሉ። ለንደን 19 ናቸው፤ ሁሉም ዳር ዳሩን ነው ያሉት፦ ሰተን፣ ባርኔት፣ ቤክስሊ፣ ብሮምሊ፣ ኪንግስተን፣ ሬድብሪጅና ኤንፊልድ። መሀል ለንደን፣ ላምቤዝ ወይም ካምደን ተከራይታችሁ «እዚህ ሰፈር የትኛው ግራመር አለ?» አትበሉኝ። የለም።

ልጁ የሚገባው ዪር 7፣ ማለትም የሁለተኛ ደረጃ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ነው። ፈተናው፣ ኢሌቨን ፕላስ የሚሉት፣ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሴፕቴምበር ይሰጣል። ምዝገባው ደግሞ ከፈተናው በፊት፣ በፀደይና በበጋ መጀመሪያ ነው። የእነሱን በጋ ማለቴ ነው። ለምሳሌ ኬንት ጁን መጀመሪያ ላይ ተከፍቶ ጁላይ መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። ልጁ ገና አዲስ አበባ እያለ አባት ወይም እናት እዚህ ሆነው ማስመዝገብ የሚችሉበት ቦታ አለ። ፈተናው ግን በአብዛኛው እዚሁ በአካል ነው። ስለዚህ የአውሮፕላን ትኬት ስትቆርጡ የፈተናውን ቀን እያያችሁ ቁረጡ። «አዲስ ዓመትን ከአያቶቹ ጋር አክብሮ ይምጣ» ያለ ሰው አውቃለሁ። እንቁጣጣሽ የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ነው። ፈተናው አለፈው።

ክፍል የሚመደበው በዕድሜ ነው፤ አገር ቤት ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ የሚጠይቅ የለም። መቁረጫው ኦገስት 31 ነው። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 25 መሆኑ ነው። ነሐሴ 25 የተወለደና በማግስቱ ነሐሴ 26 የተወለደ ልጅ በአንድ ዓመት ይለያያሉ፤ አንዱ ዘንድሮ ይፈተናል፣ ሌላው ለከርሞ። በልደት ካርዱ ትርጉም ላይ ቀኑን በግምት የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ፓስፖርቱና ልደት ካርዱ ካልተስማሙ ደግሞ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ጋ ገብታችሁ መውጫው ይጠፋችኋል። አገር ቤት እያላችሁ አስተካክሉት።

ቪዛውንም እዩ። በጎብኚ ቪዛ የመጣ ልጅ በመንግሥት ትምህርት ቤት መማር አይችልም። ቻይልድ ስቱደንት የሚባለው ቪዛም ለግል ትምህርት ቤት ነው። በወላጅ ጥገኛነት የመጣ ልጅ ግን ይችላል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እኔ የተቃጠልኩት በምዝገባው አይደለም። ልጄን በጊዜ አስመዘገብኩ፤ እሱና እናቱ ኦገስት ላይ ገቡ፤ ሴፕቴምበር ተፈተነ። ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ኢሜይል መጣ። አልፏል! እናቱ ድፎ ዳቦ ጋገረች። አዲስ አበባ ደወልን፣ አያቱ በስልክ እልልታውን አቀለጡት። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ተኛሁ።

እንዴት አልተኛ? እኔ የማውቀው ሚኒስትሪን ነው። ስታልፍ ታልፋለህ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ዩኒቨርሲቲ የሚመድብህ መንግሥት ነው። እዚህ ግን ፈተናውና ማመልከቻው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፈተናው የሚለው «ይህ ልጅ ለግራመር ብቁ ነው» ብቻ ነው። ቦታ የሚሰጠው በሌላ ፎርም ነው፤ እሱም የሚሞላው ትምህርት ቤቱ ባለበት ካውንስል ሳይሆን እናንተ በምትኖሩበት ካውንስል በኩል ነው። የመጨረሻው ቀን ኦክቶበር 31። እኔ ፎርሙን ሴፕቴምበር ላይ ሞልቼ ጨርሼ ነበር፤ የልጁ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ረድታኝ ሦስት የሰፈር ትምህርት ቤቶች ጻፍኩ። ለንደን ውስጥ ስድስት መጻፍ ይቻላል። ሦስቱን መስመር ባዶ ተውኳቸው። ግራመሩን አልጻፍኩትም። «እነሱ ራሳቸው ይጠሩናል» ብዬ።

ማርች 1 ውጤት ሲወጣ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ደረሰው። ስህተት ነው ብዬ ግራመሩ ጋ ደወልኩ። ስሙን አልጠራም። «ልጅዎ ለእኛ አላመለከተም» አሉኝ። ፈትናችሁት አይደል እንዴ? «ፈትነነዋል፣ አላመለከተም።» ካውንስል ደወልኩ፤ ሙዚቃ አርባ ደቂቃ ሰማሁ፤ እነሱም ትምህርት ቤቱን ጠይቅ አሉኝ። ዘግይቼ አመለከትኩ። የዘገየ ማመልከቻ የሚታየው በሰዓቱ የገቡት ካለቁ በኋላ ነው፤ በዚያ ጊዜ ሞልቶ ነበር። ይግባኝ አልኩ። ሦስት ሰዎች ፊት ቀረብኩ። አንዷ ሴትዮ በለስላሳ ድምፅ «ኢሜይሉ ላይ ተጽፏል እኮ» አለችኝ። እውነትም ተጽፎ ነበር። ድፎው እስኪበስል ልጨርሰው እችል ነበር። ይግባኙ ውድቅ ሆነ።

ስለዚህ ውጤቱ በመጣ ቀን፣ እልልታው ሳያልቅ፣ ፎርሙን ክፈቱ። ቀድማችሁ ልካችሁት ከሆነም እስከ 31 ድረስ ገብታችሁ መቀየር ትችላላችሁ። ግራመሩን አንደኛ አድርጉት። ትምህርት ቤቶቹ ስንተኛ እንዳደረጋችኋቸው አይነገራቸውም፤ ስለዚህ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ሁለተኛ በመሆኑ አይቀየምም። የመጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ ቅርብና እርግጠኛ የሆነውን ጻፉ። ማንም ባዶ መስመር እንዳይተው።

የአድራሻ ጉዳይ ላይ አጭር ልሁን፣ ምክንያቱም እናደዳለሁ። ብዙ ግራመሮች ካለፉት ልጆች መካከል የሚመርጡት በቤት ርቀት ነው። «የአጎቱን አድራሻ ስጥ» የሚል መካሪ ሞልቷል። አድራሻ ማለት ልጁ የሚያድርበት ቤት ነው። በሐሰት የተገኘ ቦታ ይነጠቃል፤ መካሪው ያን ጊዜ ስልክ አያነሳም። ገና አገር ቤት ያለ ልጅንም ብዙ ካውንስል እዚህ እንደሚኖር አይቆጥረውም። የኪራይ ውል፣ የካውንስል ታክስ ደረሰኝ፣ የገባበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት አዘጋጁ። በጋራ ቤት የምትኖሩ ከሆነ ከአከራዩ ደብዳቤ ቀድማችሁ ለምኑ። ሐበሻ አከራይ ደብዳቤ ለመጻፍ አንድ ወር ይፈጅበታል።

አስጠኚ? እኔ በሳምንት ሁለት ቀን መክፈልን አልደግፍም፤ ሌላው እንደፈለገ። ሒሳቡን የእኛ ልጆች ይችሉታል። የሚከብዳቸው ሪዝኒንግ የሚባለው ነው፤ የቃላትና የቅርጽ እንቆቅልሽ፣ አገር ቤት በክፍል ውስጥ የማይሰጥ። ብዙዎቹን ፈተናዎች የሚያዘጋጀው ጂ ኤል አሰስመንት በነፃ የሚያወጣው መለማመጃ አለ። መጀመሪያ እሱን ያትሙና በሰዓት ያሠሩት። ልጁ በቤተሰቡ ዝቅተኛ ገቢ ምክንያት ነፃ የትምህርት ቤት ምሳ የሚያገኝ ከሆነም የትምህርት ቤቱን ሕግ አንብቡ፤ ለእንዲህ ያሉ ልጆች ቅድሚያ ወይም ዝቅ ያለ ነጥብ የሚሰጡ ብዙ ናቸው። ማስረጃ ካላቀረባችሁ ግን ማንም አይጠይቃችሁም።

አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ልጅ ይዛችሁ ለምትመጡ፣ በሩ አልተዘጋም። ግራመሮች ዪር 12 ላይ ከውጭ ልጆች ይቀበላሉ፤ ያን ጊዜ የሚታየው ዪር 11 መጨረሻ ላይ የሚወሰደው የጂ ሲ ኤስ ኢ ፈተና ውጤት ነው። የእኔው ልጅ አሁን ዪር 11 ነው። በሰፈሩ ትምህርት ቤት ደህና ነው፤ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ እሱ ነገሩን ረስቶታል። ያንኑ ግራመር ለዪር 12 አመልክተናል። ይሄኛው ማመልከቻ በካውንስል በኩል አይደለም፣ ቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ነው። ሦስት ጊዜ ደውዬ አረጋግጫለሁ።