የቀዘቀዘው ስቲም ትራፕ

ድሬዳዋ ከዚራ ባለው ላውንደሪያችን የአንሶላ መተኮሻው አንድ ጎኑ ቀዝቅዞ ጨርቁን እርጥብ ይመልስ ነበር። የቦይለሩ ግፊት ደህና ነው። ወደ ስቲም ትራፑ (እንፋሎቱን አስቀርቶ ውሃውን ወደሚያስወጣው ዕቃ) የሚገባው ቧንቧ ትኩስ፣ ትራፑ ግን ቀዝቃዛ፤ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረው ውሃ መተኮሻው ውስጥ ታግቷል ማለት ነው።

የእንፋሎት መግቢያውን ቫልቭ ዘግቼ፣ ግፊቱ ወጥቶ እስኪበርድ ጠብቄ (እዚህ ላይ አትቸኩሉ!) ክዳኑን ፈታሁ። ውስጡ ባለው አፉ ወደ ታች የተደፋ ባልዲ አናት ላይ ያለችው ትንሽ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ከቦይለሩ ተስቦ በመጣ ኖራ ተደፍናለች። የድሬ ውሃ ጀበና ላይ የሚጋግረውን የምታውቁ አይገርማችሁም። አየሩ መውጫ ሲያጣ ባልዲው ተንሳፍፎ ይቀራል፣ እሱ የሚዘጋው የትራፑ መውጫ ቫልቭም እንደተዘጋ ነው።

አቼቶ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፤ ቀዳዳዋን ሳላሰፋ በቀጭን ሽቦ ጠረግኩ፤ ጓርኒሲዮኑን (የክዳኑን ማሸጊያ) ቀየርኩ። ከመክደኔ በፊት ውሃ ሞላሁበት፤ አለዚያ ባልዲው አይንሳፈፍም፣ እንፋሎቱም በቀጥታ ያመልጣል። አንሶላው አሁን ደርቆ ይወጣል።