ብርዱ ሲለቅ ነው መጠንቀቅ

ኅዳር ላይ ሬዲዮው «የሌሊቱና የማለዳው ቅዝቃዜ ይጠናከራል» ባለ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። ከጅማ ወረዳዎች፣ ከመና፣ ከጎማ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ፣ ቡና የሚያደርቅ ዘመድ ሁሉ ይደውላል። «እቴቴ፣ ቡናውን ምን ይሻለዋል?» ይሉኛል። መልሴ ሁልጊዜ ያው ነው። ብርዱ ለሚደርቅ ቡና ወዳጅ ነው። እኔ የምፈራው ብርዱ ሲለቅ ነው።

ለምን እንደሆነ በአጭሩ ልንገራችሁ። የሚቲዎሮሎጂ ሰዎች በጋ የሚሉት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ነው። ያኔ ከሰሜን ምሥራቅ ደረቅ ነፋስ ይመጣል። መነሻው በክረምታቸው ሳይቤሪያና መካከለኛው እስያ ላይ የሚተኛው ከባድ አየር ነው፤ ጫፉ በዓረብ ምድር አድርጎ እኛ ጋ ይደርሳል። እስኪደርስ በረዶነቱ ይቀራል፣ ድርቀቱ ግን አይለቀውም። ደረቅ አየር ደመና የለውም። ሰማዩ ጥርት ካለ ደግሞ መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ትለቃለች፤ ጋቢውን ጥሎ ውጭ እንደሚያድር ሰው። ለዚህ ነው ቀን አናት የሚበሳ ፀሐይ፣ ሌሊት ጥርስ የሚያንገጫግጭ ብርድ የሚሆነው።

አሁን ወደ ትንበያው። ዝቅተኛውን ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትደንግጡ። ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን አብራችሁ እዩ፤ ከዚያ ቀንሱ። ቀን 27፣ ሌሊት 7 ካለ ልዩነቱ 20 ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አየሩ ደርቋል ማለት ነው። ይህ የማድረቂያ ቀን ነው፤ አልጋ ላይ፣ ማለትም ከመሬት ከፍ ባለው ማድረቂያ ላይ፣ ያለ ቡና ሁሉ ይሰራበት። ወረድ ብላችሁ ስታዩ ደግሞ ቀን 24፣ ሌሊት 14 ይላል እንበል። ሰው «ተመስገን፣ ሌሊቱ ሞቀልን» ይላል። እኔ ሸራ መቁጠር እጀምራለሁ። ልዩነቱ ወደ 10 የወረደው ደመና ስለገባ ነው። ደመናው ቀን ፀሐይዋን ይከልላል፣ ሌሊት ሙቀቱን አፍኖ ያሳድራል። ሞቅ ያለ፣ እርጥብና ነፋስ የሌለው አየር ደግሞ ሻጋታ የሚወደው ነው። በዚያ ላይ የእኛ ደቡብ ምዕራብ በበጋም ቢሆን ከዝናብ ጨርሶ አይላቀቅም።

ስልካችሁ እርጥበትና የጤዛ ነጥብ፣ ማለትም አየሩ ስንት ዲግሪ ላይ ሲደርስ ጤዛ እንደሚጀምር፣ የሚያሳይ ከሆነ እሱንም እዩ። የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ወደ ጤዛ ነጥቡ ከተጠጋ ወይም እኩል ከሆነ ጤዛ ጠብቁ። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የአሥር ቀናት ትንበያ እስከ መጨረሻው ስሙት። ብዙ ሰው «ቅዝቃዜ» የሚለውን ይሰማና ሬዲዮውን ይዘጋል። ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። «ጅማ፣ ኢሉ አባቦር፣ ቡኖ በደሌ» ብሎ ዞን ሲጠራ፣ ወይም «ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ» ሲል ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ስልክ ላይ ያለውን ደግሞ ለሦስት ቀን ያህል እመኑት። ከሳምንት ወዲያ ያለው አቅጣጫ ይጠቁማችሁ እንጂ ሥራ አትቁረጡበት። ባለቤቴ በጉልበቱ ሕመም ነው የሚተነብየው። ከስልኩ እኩል ይስታል፣ ግን አይከራከሩትም።

ስልኩ «ጅማ 6 ዲግሪ» ሲል የእናንተ ግቢ 6 ነው ማለት አይደለም። ቴርሞሜትር የሚሰቀለው ጥላ ውስጥ፣ በሰው ቁመት አካባቢ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ሣሩ ላይ ያለው ብርድ ከዚያ በብዙ ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ለዚህ ነው ስልኩ ከዜሮ በላይ እያለ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ውርጭ የሚታየው። ሌላም አለ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይበርዳል ብለን ነው የተማርነው። ነፋስ በሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት ግን ይገለበጣል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ይወርድና ሜዳው ላይ ይተኛል። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት የጅሬን ኮረብታ ላይ ያለ ሰው ተመችቶት ሲያድር፣ ቦዬ ረግረግ ዳርና አዌቱ ወንዝ አጠገብ ያለው ሲንቀጠቀጥ ያድራል። የት እንዳላችሁ እወቁ። የባሰው ብርድ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ፀሐይ ልትወጣ ስትል፣ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ያኔ ወጥታችሁ ሣሩን ርገጡት።

በብርዱ ቀናት የሚሠራው እንዲህ ነው። መሬት ላይ የሚያደርቅ ሰው ካለ መጀመሪያ አልጋ ይሥራ፤ የቀረው ምክር ለእሱ አይደለም። አልጋ ያለው እሸቱን፣ ገና የተለቀመውን ቡና፣ ስስ አድርጎ ያስጣ፣ ቀኑን ሙሉ ያገላብጥ። ማታ 11 ሰዓት ላይ፣ ቡናው ገና ሙቀት እንደያዘ ይሸፈን። ደረቅ በጋም ቢሆን ጤዛ አይቀርም፤ ቀን የወጣው እርጥበት ሌሊት ተመልሶ ከገባ ልፋቱ ከንቱ ነው። ፕላስቲክ ግን በቀጥታ እሸት ላይ አይደረግም። ቡናው ያልበዋል፣ ያን ላብ ይጠጣል፣ ጧት ስትገልጡት የጠላ ሽታ ይቀበላችኋል። ከሥር፣ ቡናው ላይ፣ ጆንያ ወይም ሸማ፣ ከላይ በእንጨት ከፍ ያለ ፕላስቲክ፣ ጎኑ ለአየር ክፍት። ጧት ጤዛው ሳይደርቅ አትግለጡ። ሦስት ሰዓት ቢሆንም ችግር የለውም።

ዋናው ብልሃት ግን ይህ ነው። ትንበያው «ከሦስት ቀን በኋላ ይሞቃል» ካለ፣ እነዚያን ሦስት የጠሩ ቀናት ለመጨረስ ተጠቀሙባቸው። ሊደርስ የተቃረበውን ጀንፈል፣ ከነገለባው የሚደርቀውን ቡና፣ ፀሐይ በደንብ ወደሚያገኘው አልጋ አዙሩት። ሲነቀንቁት ከተንኳኳና ፍሬው በጥርስ ሲነከስ አልለመጥ ካለ፣ ሰብስቡት። እርጥበት መለኪያ ያለው ጎረቤት ካለ ደግሞ 11 ወይም 12 በመቶ ነው የሚፈለገው። ከዚያ በጆንያ አድርጋችሁ ከመሬትና ከግድግዳ አርቃችሁ በእንጨት ላይ ደርድሩ። አዲስ እሸት መልቀምም መግዛትም ለእነዚያ ቀናት ቀዝቀዝ ይበል። ዋጋው ቢያጓጓም ደመና ሥር የተሰጣ እሸት በፀሐይ ከደረቀው ጋር አንድ ዋጋ አያወጣም።

ደመናው ከገባ በኋላ አልጋ ላይ የቀረውን ይበልጥ አሳሱት። ዝናብ ሲያቆም፣ አጭርም ቢሆን፣ ገልጣችሁ አየር ስጡት። እስኪያልፍ ብሎ ሸፍኖ መተው ቡናውን በገዛ እጅ መቀቀል ነው።

የእህቴ ልጅ የምትኖረው ሚኒሶታ ነው። እሷ ጋ በካናዳ በኩል የአርክቲክ አየር ሲወርድ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ማለት ብርቅ አይደለም። እሷም ስትነግረኝ የውሃ ቧንቧ የሚሰነጠቀው በብርዱ ነው፤ ውሃው ቤቱን የሚያጥለቀልቀው ግን በረዶው ሲቀልጥ ነው። ቀን የቀለጠው መንገድ ሌሊት መልሶ ሲረጋ ደግሞ ሰው ይሰበራል። እዚያም ከብርዱ ይልቅ ብርዱ የሚለቅበት ቀን ነው ጉዱ።

ችግኝ ያላችሁ፣ በተለይ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ፣ ብርዱ ለእናንተ እውነተኛ ጠላት ነው። የችግኙን ዳስ ዝቅ አድርጉና በሣር አጥብቁት። ውሃ የምታጠጡት ጧት ይሁን፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ከደረቅ አፈር በተሻለ ይይዛል። ማታ ቅጠሉን አታርከፍክፉ። ውርጭ የመታው ቅጠል ጠቁሮ ስታዩ መቀስ ይዛችሁ አትሩጡ። የሞተውና ያልሞተው የሚለየው አዲስ ቡቃያ ሲያወጣ ነው። እስከዚያ ከቀጥታ ፀሐይ ከልሉት፤ ብርድ የመታውን ችግኝ በማግስቱ የሚጨርሰው ትኩስ ፀሐይ ነው።

ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር። ቡና ተፈልቶ ካለቀ በኋላ የከሰሉን ምድጃ «ይሙቅልን» ብሎ በር ዘግቶ መተኛት ይቅር። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ አያስነጥስም፣ አያስነቃም። ምድጃው ውጭ ይደር፣ ልጆች ብርድ ልብስ ይደረብላቸው።

የቀኑና የሌሊቱ ልዩነት ተመልሶ 18፣ 20 ሲሆን ሰማዩ ጠርቷል፣ አልጋውን ሙሉ። በደመናው ቀናት አልጋ ላይ የቆየውን ግን ከሌላው አትቀላቅሉ። በየጆንያው እጃችሁን እስከ ክርን አስገብታችሁ አሽትቱት። ኮምጠጥ ያለ ወይም የሻጋታ ሽታ ያለውን ለብቻው አስቀምጡ፣ ለገዢም ለብቻው አሳዩ።