የፎቶ ሙሽሮችን ስትጽፉ ወደቡ ላይ አትቅሩ

አሜሪካ ከሚሠሩ የአገራቸው ወንዶች ጋር ሳይተያዩ በፎቶ ተጋብተው ከጃፓን ወደ አሜሪካ ስለተሻገሩ ሴቶች ልብ ወለድ የሚጽፉ ወጣቶች ረቂቃቸውን ያሳዩኛል። ታሪኩ ያጓጓል፣ አልፈርድባቸውም። ስህተቱ ግን አንድ ዓይነት ሆነብኝ።

ትልቁ የወደቡ ትዕይንት ነው። መርከቧ ትደርሳለች። ልጅቷ ፎቶውን ታያለች፣ ሰውየውን ታያለች፣ እንደገና ፎቶውን። ሰውየው አርጅቷል። ታለቅሳለች። ምዕራፍ አለቀ። ኧረ በቃን!

አዎ፣ የድሮ ፎቶ የላኩ፣ ሱፍ ተውሰው የተነሱ፣ ይባስ ብለው የጓደኛቸውን ፎቶ የላኩ ወንዶች ነበሩ። እኔን የሚያናድደኝ ለቅሶው ሳይሆን፣ ልጅቷ ገና ልትታጭ የመጣች መምሰሏ ነው። እሷ ከመርከቡ ስትወርድ ባለትዳር ናት። አገናኝ መሃል ገብቶ፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተጠያይቆ፣ ስሟ በባሏ ቤተሰብ መዝገብ ከሰፈረ ወራት አልፈዋል። ፓስፖርቱንም ያገኘችው በዚያ ነው። አንዳንዶቹ እስኪሳፈሩ አማቶቻቸው ቤት ሲያገለግሉ ከርመዋል። ስለዚህ «አልፈልገውም» ማለት ፍቺ ነው። የመመለሻውን ገንዘብ ማን ይከፍላል? አባቷ ጎረቤቱን ምን ይላል? እምቢ ያሉ ነበሩ። አብዛኞቹ ግን ሻንጣቸውን አንስተው ተከተሉት።

ደግሞ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ያንን ጋብቻ ለዓመታት አልቀበልም ብለው፣ ሙሽሮቹን እዚያው እንደደረሱ በጅምላ እንደገና ያጋቡ ነበር። ይኼን የመሰለ ትዕይንት እያለ ለቅሶ ላይ መንጠልጠል ምን የሚሉት ነው?

ዘመኑን አታምታቱ። እ.ኤ.አ. በ1908 ሥራ ላይ በዋለው የጃፓንና የአሜሪካ መንግሥታት ስምምነት የጉልበት ሠራተኛ ታገደ፣ ሚስት ግን ተፈቀደላት። የፎቶ ጋብቻ የበዛው በዚህች ቀዳዳ ነው። በ1920 ጃፓን ወደ ዋናው አሜሪካ ለሚሄዱት ፓስፖርት መስጠት አቆመች፤ የ1924ቱ የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ደግሞ በሩን ዘጋው። የፎቶ ሙሽራ በ1930 አታምጡብኝ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወታደር አግብተው የሄዱትም ሌላ ትውልድ፣ ሌላ ታሪክ ናቸው።

ሙሽራዋ ጌይሻ፣ ማለትም በዘፈንና በጭፈራ እንግዳ የምታዝናና ሴት፣ አይደለችም። የሂሮሺማ ወይም የኩማሞቶ ገበሬ ልጅ ናት።

ሃዋይና ካሊፎርኒያም አንድ አይደሉም። ሃዋይ ያኖራችኋትን ሴት በ1942 አሜሪካ በጦርነቱ ጃፓናውያንን ካጎረችበት ካምፕ ከነመንደሯ የምታስገቡ ሰዎች አላችሁ። በጅምላ የተጋዙት የምዕራብ ጠረፍ ጃፓናውያን ናቸው።

ሥራዋን ደግሞ በአንድ መስመር፣ «በእርሻው ላይ ደከመች» ብላችሁ አትለፉት። የሃዋይ ሸንኮራ አገዳ ቅጠል ቆዳ ይሰነጥቃል። ስለዚህ በዚያ ሙቀት እጇን እስከ አንጓዋ፣ እግሯን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ትጠቀልላለች፤ ፊቷን በሻሽ ሸፍና ባርኔጣ ትደርባለች። የደረቀ ቅጠል ስትገፍ ትውልና ከወንዱ ያነሰ ይከፈላታል። ቁጥር የተቀረጸበት የብረት መታወቂያ አላት፤ ተቆጣጣሪው የሚያውቃት በቁጥሩ ነው። ማታ የወንደላጤዎቹን ልብስ በገንዘብ ታጥባለች። እየሠሩ የሚዘፍኑት ሆሌሆሌ ቡሺ የሚባል ዜማም አለ፤ ሥራውን ያማርራል፣ ባልን ይሸረድዳል፣ አንዳንዴም ባለጌ ነው። የእናንተ ጀግና ግን ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ አንዴም አትስቅም።

ጁሊ ኦትሱካ በ2011 ባሳተመችው ልብ ወለድ እነዚህን ሴቶች «እኛ» እያለች ተረከቻቸው። ተሳክቶላታል። አሁን «እኛ» የማይል ረቂቅ ጠፋ፤ እባካችሁ አንዲት ሴት ስጡኝ።

ባልየውንም አውሬ አታድርጉት። እሱም የጉልበት ሠራተኛ ነው። ለሚስቱ ጉዞ ብር ያጠራቀመው ዓመታት ፈጅቶበት ነው፤ አሮጌውን ፎቶ የላከውም ምናልባት ሌላ ስለሌለው ይሆናል። ሽማግሌ ልኮ መልስ ሲጠብቅ ያደረ ሰው ጭንቀቱን ያውቀዋል።

ከዚያ ደግሞ ጥላው የሄደችውን አትርሱ። አሜሪካ የሚታተሙ የጃፓንኛ ጋዜጦች ላይ ባሎች የኮበለለች ሚስታቸውን መልክ ዘርዝረው ማስታወቂያ ያወጡ ነበር። ከሌላ ወንድ ጋር የጠፋች አለች። ወዴት ሄደች? በምን ቋንቋ ሥራ ጠየቀች? ማን አስጠጋት? እስካሁን ከደረሱኝ ረቂቆች አንዱም እሷን ተከትሎ አልሄደም።